የባለቤቱ ግስ እና የተቀባዩ ግስ፦ «ሌንድ» እና «ቦሮው»

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። ደብተርና እስክሪብቶ በአቅራቢያችሁ ካለ አዘጋጁ፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም መኪና የምታሽከረክሩ ደግሞ በጆሯችሁ ብቻ ብትከታተሉን ይበቃል።

የዛሬዎቹ ቃላት ሁለት ግሶች ናቸው። የመጀመሪያው «ሌንድ» ነው፤ ፊደላቱ ኤል፣ ኢ፣ ኤን፣ ዲ ናቸው። ሁለተኛው «ቦሮው» ነው፤ ቢ፣ ኦ፣ ሁለት አር፣ ኦ፣ ደብልዩ ተብሎ ይጻፋል። «ሌንድ» ማበደር ወይም ማዋስ ነው፤ «ቦሮው» መበደር ወይም መዋስ ነው።

በመዝገበ ቃላት ደረጃ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን እንግሊዝኛን ለዓመታት የተማረ፣ ጋዜጣ አንብቦ የሚረዳ፣ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ሳይቀር በንግግር መካከል እነዚህን ሁለቱን ሲያቀያይር እንሰማለን። እስክሪብቶ የጠፋበት ተማሪ ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» ይላል። ጓደኛው የአገሩ ልጅ ነውና ነገሩ ገብቶት እስክሪብቶውን ይሰጠዋል። ስሕተቱም ሳይታረም ያልፋል፤ ሥር የሚሰደውም እንዲህ ሳይታረም ሲያልፍ ነው።

እስክሪብቶ ሲሆን ጉዳት የለውም። ገንዘብ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ሰው ስለ ወንድሙ ሲያወራ «ሂ ቦሮውድ ሚ ፋይቭ ሀንድረድ ብር» ቢል፣ ሰሚው ግራ ይጋባል። ወንድምየው ነው አምስት መቶ ብር የወሰደው? ወይስ የሰጠው? ተናጋሪው ሊል የፈለገው «አምስት መቶ ብር አበደረኝ» ነው። «ቦሮውድ» የሚለውን የሰማ ሰው ግን ወንድምየውን ባለዕዳ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

ይህ ስሕተት የስንፍና አይደለም። ምክንያቱን ብናውቅ መድኃኒቱም አብሮ ይገኛል። በአማርኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ሥሩ ብ፣ ድ፣ ር ነው። ፊቱ ላይ «አ» ሲገባ ሰጪውን፣ «ተ» ሲገባ ተቀባዩን ያሳየናል። «አዋሰ» እና «ተዋሰ»፣ «አከራየ» እና «ተከራየ» የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ልጅ ሆነን አፍ ስንፈታ ሥሩን አንድ ጊዜ ይዘን፣ አቅጣጫውን በአንዲት ፊደል መለዋወጥ ለምደናል።

እንግሊዝኛ ይህን አያደርግም። በ«ሌንድ» እና በ«ቦሮው» መካከል የምትጋራ አንዲት ሥር የለችም። ሁለቱ ቃላት ሰጪና ተቀባይ ሆነው በትርጉም ይገናኙ እንጂ በትውልድ ባዳ ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ «ቦሮው»ን፣ ቀድሞ የተማረ ልጅ ሥሩን የያዘ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ለሰጪውም ለተቀባዩም ያንኑ አንድ ቃል ይጠቀማል። አማርኛው በራሱ ሥርዓት ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በዚያ ሥርዓት አይገዛም።

እንግዲህ መያዣው ምንድን ነው? በሰዋስው ትምህርታችን የአንድን ዓረፍተ ነገር ድርጊት ፈጻሚ «ባለቤት» ብለን እንጠራዋለን። ይህ ስያሜ ዛሬ በጣም ይጠቅመናል። «ሌንድ» በሚለው ግስ የዕቃው ባለቤት ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። «ቦሮው» በሚለው ግስ ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የዕቃው ባለቤት አይደለም። ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ከዚህ በኋላ የምንላቸው አብዛኞቹ ነገሮች ከዚህ የሚወጡ ናቸው።

በአንድ የታወቀ የታሪክ ምሳሌ እንየው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ኢትዮጵያ ለአውራ ጎዳና ሥራ ከዓለም ባንክ ገንዘብ ተበድራለች። ድርጊቱ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በሁለት በኩል ልንናገረው እንችላለን። ከኢትዮጵያ ከተነሣን «ኢትዮጵያ ቦሮውድ መኒ ፍሮም ዘ ወርልድ ባንክ» እንላለን። ከባንኩ ከተነሣን «ዘ ወርልድ ባንክ ሌንት መኒ ቱ ኢትዮጵያ» እንላለን። ገንዘቡም፣ ዓመቱም፣ ውሉም አልተለወጠም። የተለወጠው ዓረፍተ ነገሩን ማን እንደጀመረው ነው።

በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቃላት እንዳሉ አስተውላችኋል? አንዷ «ፍሮም» ናት፤ «ከ» ማለት ነው። ሌላዋ «ቱ» ናት፤ «ለ» ማለት ነው። የምንበደረው ከሰው ነው፤ የምናበድረው ለሰው ነው። በዚህ በኩል አማርኛና እንግሊዝኛ ተስማምተዋል፤ «ከእሱ ተበደርኩ»፣ «ለእሱ አበደርኩ» እንላለንና። ስለዚህ ግሱ ቢያጠራጥራችሁ መጀመሪያ በአማርኛ አስቡትና «ከ» ነው ወይስ «ለ» ብላችሁ ጠይቁ። «ከ» ካላችሁ «ቦሮው» ነው፤ «ለ» ካላችሁ «ሌንድ» ነው።

«ሌንድ» አንድ ተጨማሪ ነፃነት አለው። «ለ» የሚለውን ቃል ጥሎ ተቀባዩን ከግሱ አጠገብ ማስቀመጥ ይችላል። «ሺ ሌንት ሚ ኤ ቡክ» ስንል «መጽሐፍ አዋሰችኝ» ማለታችን ነው። በአማርኛ «አዋሰችኝ» ውስጥ «ኝ» ከግሱ ጋር እንደተጣበቀች ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ «ሚ» ከ«ሌንት» አጠገብ ትቆማለች። «ቦሮው» ግን ይህ ነፃነት የለውም። በደንበኛው እንግሊዝኛ «ቦሮው ሚ» የሚባል ነገር የለም። በአንዳንድ አካባቢዎች፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን በፈቱ ሰዎች መካከል ጭምር፣ በተራ ንግግር ሲባል ልትሰሙ ትችሉ ይሆናል። ፈተና ላይ፣ ደብዳቤ ላይ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ስለዚህ «ቦሮው» ካላችሁ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃው ነው፤ ሰውየው የሚመጣው ከ«ፍሮም» በኋላ ነው።

የኃላፊ ጊዜውን ነገር ቶሎ እንለፈው። «ቦሮው» መደበኛ ነው፤ «ቦሮውድ» ይሆናል። «ሌንድ» ግን «ሌንት» ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ዲ ወድቃ ቲ ትተካለች። «ሴንድ» ብለን «ሴንት»፣ «ስፔንድ» ብለን «ስፔንት» እንደምንለው ማለት ነው። «ሌንድድ» የሚባል ቃል የለም።

አሁን በተለይ መምህራን እንድትሰሙልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ተማሪዎች «ቦሮው ለሚጠይቅ ሰው ነው፣ ሌንድ ለሚሰጥ ሰው ነው» ተብለው ይማራሉ። አጭር ነው፤ ለመያዝም ይቀላል፤ ግን ያሳስታል። ጎረቤቷን መሰላል የምትጠይቅ አንዲት ሴት እናስብ። «ካን አይ ቦሮው ዩር ላደር?» ልትል ትችላለች፤ «መሰላልሽን ልዋስሽ?» ማለቷ ነው። እንዲሁም «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ላደር?» ልትል ትችላለች፤ «መሰላልሽን ታውሺኛለሽ?» ማለቷ ነው። ጠያቂዋ ያችው አንዲት ሴት ናት። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ናቸው። በመጀመሪያው «አይ»፣ ማለትም «እኔ»፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ናት፤ መሰላሉም የእሷ ስላልሆነ «ቦሮው» አለች። በሁለተኛው «ዩ»፣ ማለትም «አንቺ»፣ ባለቤት ሆነች፤ መሰላሉም የጎረቤቷ ስለሆነ «ሌንድ» አለች። ጠያቂ ማነው የሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጠንም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው፣ ዕቃውስ የማን ነው ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ወዲያው ይመጣል።

እስቲ ትንሽ እንለማመድ። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ እናገራለሁ፤ እናንተ ግሱን ብቻ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «እኅቴ ከቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ ተዋሰች።»

(አጭር ፋታ)

«ቦሮውድ»። ልብ ወለዱ የቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ እኅትየዋ ባለንብረት አይደለችም። ቀጥሉ። «አጎቴ ለንግድ መነሻ የሚሆን ገንዘብ አበደረኝ።»

(አጭር ፋታ)

«ሌንት»። ገንዘቡ የአጎትየው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም በአጎትየው ጀመረ። የመጨረሻው ጠንከር ይላል። «ባንኩ ሊያበድረኝ ፈቃደኛ አልሆነም።»

(አጭር ፋታ)

መልሱ አሁንም «ሌንድ» ነው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አላለፈም፤ ብድሩ አልተሳካም። ቢሆንም አበዳሪ ሊሆን የሚችለው ባንኩ ነው፤ «ዘ ባንክ ሪፊውዝድ ቱ ሌንድ ሚ መኒ» እንላለን። ያው ሰው ከራሱ ተነሥቶ ሊናገር ቢፈልግ ደግሞ «አይ ኩድንት ቦሮው መኒ ፍሮም ዘ ባንክ» ይላል፤ «ከባንኩ መበደር አልቻልኩም» እንደማለት።

እስካሁን እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ለያይቶ ሲያስቸግረን ነው ያየነው። አሁን ደግሞ እኛ የምንለየውን እንግሊዝኛ የሚያደባልቅበትን ቦታ እንይ። እዚህ ላይ አማርኛ እጅግ የጠራ ነው፤ በዚህም ልንኮራ ይገባናል። ጎረቤት ለጎረቤት «ወንፊትሽን አውሺኝ» ትላታለች። «ወንፊትሽን አበድሪኝ» አትላትም። እንግዳ ድንገት መጥቶባት እንጀራ ካለቀባት ግን «አምስት እንጀራ አበድሪኝ» ትላታለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ወንፊቱ ሲመለስ ያው ራሱ ወንፊት ነው የሚመለሰው። እንጀራው ግን ይበላል፤ የሚመለሰው በቁጥር የሚተካከል ሌላ እንጀራ ነው። ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ የተበደርነውን ብር እናወጣዋለን፤ የምንመልሰው ሌላ ብር ነው። ራሱ የሚመለስ ውሰት ነው፤ ተተክቶ የሚመለስ ብድር ነው።

ይህ ልዩነት የጓዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጥንት የሮማ ሕግ ሁለቱን በሁለት ስም ይጠራቸው ነበር። ተተክቶ የሚመለሰውን «ሙቱኡም»፣ ራሱ የሚመለሰውን «ኮሞዳቱም» ይለው ነበር። በሙቱኡም የተሰጠው ነገር የተቀባዩ ንብረት ይሆናል፤ ተቀባዩ የሚጠየቀው ተመሳሳዩን እንዲመልስ ነው። በኮሞዳቱም ግን ዕቃው በተዋሰው ሰው እጅ ቢገባም ንብረትነቱ ከመጀመሪያው ባለቤት አይወጣም። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገንዘብንና አላቂ ነገሮችን ማበደርን በአንድ ቦታ፣ ዕቃን ለመገልገያ ማዋስን በሌላ ቦታ ለይቶ ይደነግጋል። ጎረቤታሞቹ ሴቶች በወንፊቱና በእንጀራው የለዩት የሕግ ሊቃውንት ሁለት ውል አድርገው የለዩትን ነው።

የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። መጽሐፍም «ቦሮው» ነው፤ ገንዘብም «ቦሮው» ነው፤ አንድ ኩባያ ስኳርም «ቦሮው» ነው። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትተረጉሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። «ቦሮው» ባያችሁ ቁጥር «ተበደረ» ብላችሁ አትጻፉ። ዕቃው ራሱ የሚመለስ ከሆነ «ተዋሰ» በሉ። «መጽሐፍ ተበደረ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አማርኛው የሰጠውን ሀብት እየጣለ ነው፤ እንዲህ ያለ ትርጉም በጋዜጦቻችንና በማስታወቂያዎቻችን እየበዛ መሄዱ ሊያሳስበን ይገባል። «ጆሮህን አውሰኝ» የምንለውም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ጆሮ ራሱ ይመለሳልና «አበድረኝ» አንልም። እንግሊዝኛውም ለጆሮና ለእጅ «ሌንድ» ይላል፤ «ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ» ማለት «አግዘኝ» ማለት ነው።

ሌላ ወሰን አለ። «ቦሮው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይዘነው ልንሄድ ለምንችለው ነገር ነው። እንግዳ ሆናችሁ ሰው ቤት ገብታችሁ መጸዳጃ ቤት ብትፈልጉ «ካን አይ ዩዝ ዩር ባዝሩም?» በሉ። «ቦሮው» ካላችሁ ለጆሮ እንግዳ ይሆናል፤ መጸዳጃ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ የለምና። ጃንጥላ፣ መጽሐፍ፣ መኪና ግን «ቦሮው» ይባላሉ። የእጅ ስልክ በሁለቱም ይሄዳል።

ስለ ቃላቱ ታሪክ ጥቂት ልበል። ሁለቱም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረዱ ናቸው። «ሌንድ» በመጀመሪያ መጨረሻው ላይ ዲ አልነበረውም፤ ዲ የነበረችው በኃላፊ ጊዜው ብቻ ነበር። ኋላ ላይ እንደ «ሴንድ» እና «ቤንድ» ካሉት ግሶች ጋር ስለተመሳሰለ ዲ በአሁን ጊዜውም ላይ ገብታ ቀረች። «ቦሮው» ደግሞ «ቦርግ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም መያዣ ወይም ዋስትና ነው። በዚያ ዘመን ዋና ጉዳዩ መውሰዱ ሳይሆን ለመመለሱ የሚቆመው ዋስትና ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ የዚሁ «ቦሮው» ዘመድ የሆነው የጀርመንኛው «ቦርገን» ማበደርንም መበደርንም ይይዛል። ሌላው የጀርመንኛ ቃል «ላይኸን»ም እንዲሁ በሁለቱም በኩል ይሠራል። በኖርዌይና በዴንማርክ ቋንቋዎችም አንድ ግስ ሁለቱንም ሊያመለክት ይችላል፤ ስዊድንኛ ለማበደሩ ትንሽ ቃል ይጨምርበታል። በእነዚህ አገሮች ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። የአካባቢያችሁ ሰው እንግሊዝኛ ጥሩ ቢናገርም በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ የራሱ ቋንቋ ሊያሳስተው ይችላል። ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባችሁ «ቦሮው ሚ» ቢላችሁ፣ ይህ የአገሩ ቋንቋ ተጽዕኖ እንደሆነ እወቁ እንጂ አትከተሉት።

አሜሪካ ያላችሁ አድማጮች ደግሞ ሦስተኛ ቃል ትሰማላችሁ። «ሎን» ብድር የሚል ስም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሜሪካኖች ይህንኑ ቃል ግስ አድርገው «ሂ ሎንድ ሚ ሂዝ ካር» ይላሉ። በብሪታንያ አንዳንዶች ይህን አይወዱትም፤ ለግሱ «ሌንድ» ይበልጥ ይመረጣል ይላሉ። ለእኛ የሚያስፈልገው ነጥብ አንድ ነው። «ሎን» ግስ ሲሆን የሚሄደው ከ«ሌንድ» ጋር ነው፤ «አበደረ» ወይም «አዋሰ» ማለት ነው። «ተበደረ» ማለት አይሆንም።

የቤት መግዣ ወይም የመኪና ብድር ወረቀት ስትፈርሙ የምታገኟቸው ስሞችም ከእነዚሁ ግሶች የወጡ ናቸው። «ሌንደር» አበዳሪው ነው፤ ባንኩ ማለት ነው። «ቦሮወር» ተበዳሪው ነው፤ ፈራሚው እናንተ ናችሁ። «ኮቦሮወር» ከእናንተ ጋር እኩል ዕዳውን የሚሸከም ሰው ነው። በውሉ ውስጥ «ዘ ቦሮወር ሻል» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ሁሉ የእናንተን ግዴታ የሚናገር ነው። ሳታነቡ አትለፉት።

«ሬንት» የሚለውን ግስ ሳናነሣ ብናልፍ ትምህርቱ ይጎድላል፤ የ«ሌንድ» እና የ«ቦሮው» ተቃራኒ ነውና። በአማርኛ «አከራየ» እና «ተከራየ» ብለን እንለያለን። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ሁለቱንም ያመለክታል። «አይ ሬንት ኤ ሃውስ» ያላችሁ ሰው ቤት ተከራይቶ ይኖር ይሆናል፤ ቤት ያከራይም ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተከራይነቱ ነው። ማከራየትን አጥርቶ ለመናገር «ሬንት አውት» ይባላል። በብሪታንያ ደግሞ ለማከራየት «ሌት» የሚል ሌላ ግስ አለ፤ በየቤቱ ደጃፍ «ቱ ሌት» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ «የሚከራይ» ማለት ነው። የመከራየት ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ «ፍሮም»ን፣ የማከራየት ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ «ቱ»ን ብታስገቡ ማንም አይሳሳትባችሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሕጋችን ልመለስ፤ «ሌንድ» የባለቤቱ ግስ ነው ብለናል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ በቆምን። ግን ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1868 በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ በኋላ ጦሩ ከመቅደላ ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦታት፣ የብራና መጻሕፍትና ሌሎች ብዙ ቅርሶችን ዘርፎ ሄደ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ በብሪታንያ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። በለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ከያዛቸው መካከል የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አሉ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስም አለ። በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ በይፋ ጠየቀ። በ2018፣ የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሃንት ቅርሶቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ። የተጠቀሙበት ቃል «ሎን» ነበር፤ የረጅም ጊዜ ውሰት።

አሁን ሕጋችንን እዚህ ላይ እናኑር። የሚያውሰው ማነው? ባለቤቱ። የሚዋሰውስ? ባለቤት ያልሆነው። ኢትዮጵያ ዘውዱን በውሰት ብትቀበል በቃሉ ውስጥ «ዘውዱ የእናንተ ነው» ብላ እንደፈረመች ይቆጠራል። ዜናውን በእንግሊዝኛ ያነበቡ ኢትዮጵያውያን የተቆጡት የቃሉን ክብደት ስላወቁ ነው። የሙዚየሙ ሰዎች ሕግ ያስራቸዋል፤ በ1983 የወጣው የብሪታንያ የቅርስ ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ በእጅጉ ይገድበዋል፤ ማዋስ ግን ይፈቅድለታል። ምክንያቱን መረዳት ይቻላል። ምክንያቱን መረዳት ግን ቃሉን መቀበል አይደለም። በጦርነት የተዘረፈን ዕቃ ለተዘረፈው ሰው ማዋስ አይቻልም፤ መመለስ ብቻ ነው የሚቻለው። ለዚህ እንግሊዝኛ ትክክለኛ ግስ አለው፤ «ሪተርን» ይባላል። በ2019 በለንደን የሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ለኢትዮጵያ ሲያስረክብ የሆነው ይህ ነው፤ «ሪተርንድ» ተባለ፤ «ሌንት» አልተባለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል በአገራችን፤ የራስን ወርቅ መዋስ ግን ከዚያም የባሰ ነው።

ስለዚህ ስለ ቅርስ የሚወራ የእንግሊዝኛ ዜና ስትሰሙ ግሱን አዳምጡ። «ሪተርን» ነው ወይስ «ሌንድ»? «ጊቭ ባክ» ነው ወይስ «ሎን»? በአንድ ዜና ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ልትሰሟቸው ትችላላችሁ፤ ጋዜጠኞችም ሳያስተውሉ አንዱን በሌላው ይተካሉ። ወደ አማርኛ የምትተረጉሙ የሙያ ባልደረቦቼ በተለይ እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። «በውሰት ሊሰጥ ነው» የሚለውን «ሊመለስ ነው» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ሕዝቡን ያልሆነ ነገር ነግራችሁታል።

መምህራን፣ ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እነዚህን ሁለት ግሶች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ የአማርኛ ፍቺያቸውን ብቻ አትስጡ። «ቦሮው»ን ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ሌንድ»ን ከ«ቱ» ጋር አጣምራችሁ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስተምሩ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው መጽሐፍ ይዋዋሱ፤ ሲሰጡም ሲቀበሉም ዓረፍተ ነገሩን ይናገሩት። አንዱ ሰጥቶ አንዱ ከተቀበለ በኋላ ሚናቸውን ይቀያየሩ።

ለአድማጮቻችን የቤት ሥራ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ጻፏቸው። የመጀመሪያው፦ «አያቴ ለጎረቤቷ ጃንጥላዋን አዋሰቻት።» ሁለተኛው፦ «ከአጎትህ ስንት ብር ተበደርክ?» ሦስተኛው፦ «እባክሽ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ይህን መጽሐፍ አውሺኝ።» ሦስተኛውን በሁለቱም ግሶች ሥሩት፤ አንድ ጊዜ በ«ሌንድ»፣ አንድ ጊዜ በ«ቦሮው»። መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን መጀመሪያ ላይ አብረን እናርማለን።